የሴሊካን የመሪ ቴስቲና እና ራክ ኢንድ ግቢ ውስጥ መቀየር፣ ከደሴ

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ የነዳ ሰው ያውቀዋል፣ 25 ኪሎሜትር ገደማ ነው ግን መሪ ከእጅ የማያርፍበት መንገድ ነው፣ ሐረጎ ላይ ጉሙ፣ ዶሮ መዝለያ ላይ ጥምዝምዙ፣ ከፊት ደግሞ ከሚሌ በባቲ አድርጎ የመጣ ተሳቢ ሽቅብ እያቃሰተ ይመጣባችኋል፣ ወደ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችሁ ነው ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የምትገቡት። እዚህ መንገድ ላይ የመሪ ነገር ቀልድ አይደለም።

የኔ መኪና ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ የመጨረሻዋ ሰባተኛ ትውልድ፣ ከ1999 እስከ 2006 እ.ኤ.አ የተመረተችው። ባለፈው ክረምት የፊት ግራ ጎማዋ ጋ ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ጓ ጓ የሚል ድምፅ ጀመራት፣ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ቴስቲናው (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ነው ቀይረንልሃል አሉኝ፣ ከፍዬ ወጣሁ። አንድ ወር ሳይሞላ መሪው እንደገና ልል አለብኝ፣ ቀጥ ብዬ እየነዳሁ መሪውን ትንሽ ሳንቀሳቅሰው ጎማው ቆይቶ ነው የሚሰማው። ግቢ አስገብቼ በክሪክ አንስቼ ጎማውን ፈታሁት። ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው፣ እግሩ የሚታጠፍ ቀጭን ብረት) መግባት ባለበት ቀዳዳ ውስጥ ያገኘሁት የአጥር ሽቦ ነው። ሁለቴ ዞሮ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ የዛገ የአጥር ሽቦ፣ በአንድ በኩል ደግሞ ተበልቶ ሊበጠስ የቀረው ክር የምታህል ነገር። ዳዶውን በሁለት ጣቴ ያዝኩት፣ ዞረልኝ። ያለ ቁልፍ፣ በጣቴ። በማግስቱ ጠዋት እናቴን ይዤ ኮምቦልቻ ልወርድ ነበር።

ከዛን ቀን ጀምሮ የመኪናዬን መሪ ራሴ ነው የምሰራው፣ እንዴት እንደሚሰራ ደግሞ ያሳዩኝ ጎረቤታችን ናቸው፣ ድሮ በአሰብ መስመር ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ አሁንም ድምፅ ሰምተው የቱ ጋ እንደላላ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከሳቸው የተማርኩትንና ራሴ ሁለት ሶስቴ ሰርቼ ያየሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ሴሊካ ባይኖራችሁም ኮሮላም ቪትዝም ያው ራክ ያለው መሪ ነው፣ አሰራሩ አንድ ነው፣ የቁልፍ ቁጥሩና ልኩ ይለያይ ይሆናል እንጂ።

መጀመሪያ ምን እንደምንቀይር እንወቅ። መሪውን ስታዞሩ ኮሎኑ (ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ) አንድ ትንሽ ጥርስ ያዞራል፣ ያ ጥርስ ራክ የሚባለውን ረጅም ዘንግ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ከራኩ ጫፍ ላይ ራክ ኢንድ አለ (የውስጥ ታይሮድም ይሉታል)፣ እሱ ሽንሽን ባለው የጎማ ቡት ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ከራክ ኢንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ቴስቲናው በጥርስ ይገባበታል፣ ቴስቲናው ጎማውን ከተሸከመው ናክል ጋር ይያያዛል። ቴስቲናም ራክ ኢንድም ውስጣቸው ኳስና ኳሱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ነው ያላቸው፣ በግሪስ የተሞላ። የላይኛዋ ትንሽ ጎማ ሽፋን ከተቀደደች አቧራና ውሃ ይገባል፣ ግሪሱ ይታጠባል፣ ከዛ ኳሱ ቦታውን እየበላ ይሰፋል። የደሴ ኮብልስቶን ደግሞ ያፋጥነዋል፣ በተለይ እንደ ሴሊካ ዝቅ ያለና ጎማው ስስ የሆነ መኪና ላይ፣ ጎማው የማይውጠውን ምት ሁሉ መገጣጠሚያዎቹ ናቸው የሚቀበሉት።

ታዲያ የቱ እንደተበላ እንዴት ይታወቃል? ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ። የመጀመሪያው ፍተሻ ጎማው መሬት ላይ እያለ ነው፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የመሪ ቁልፉ እንዳይቆለፍ ግን ቁልፉን አንድ ደረጃ ክፈቱት፣ አንድ ሰው ውስጥ ይቀመጥና መሪውን ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያወዛውዘው፣ ግማሽ መዳፍ ያህል ብቻ። እኔ የእህቴን ልጅ ነው የማስቀምጠው፣ «አጎቴ ላዙረው?» ይላል ገና በሩን ሳይዘጋ፣ «ቀስ ብለህ፣ እንደ ሕፃን አልጋ» እለዋለሁ። እናንተ ከስር ተኝታችሁ ቴስቲናውን እዩት፣ ጣታችሁንም መገጣጠሚያው ላይ አስቀምጡት። ዘንጉ ሲንቀሳቀስ ናክሉ ዘግይቶ ከተከተለው፣ ወይ ጣታችሁ ጠቅ የሚል ነገር ከተሰማው ቴስቲናው አልቋል። ከዛ ሽንሽኑን ቡት በእጃችሁ ጨብጣችሁ ያዙ፣ ልጁ ሲያወዛውዝ ውስጥ ውስጡን የሚንኳኳ ከሆነ ራክ ኢንዱ ነው።

ሁለተኛው በክሪክ አንስቶ ነው። ጎማውን በ3 ሰዓትና በ9 ሰዓት ቦታ (በፈረንጅ ሰዓት ቆጣሪው ላይ) ይዛችሁ ግፉ ሳቡ፣ ጨዋታ ካለው የመሪው ወገን ነው። በ12 እና በ6 ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተጫወተ ግን ቦል ጆይንት ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ያ ሌላ ስራ ነው። በሁለቱም ከተጫወተ ኩሽኔታውን አስቀድማችሁ ጠርጥሩ። ጎማውንም እዩት፣ በውስጥ ወይ በውጭ በኩል ብቻ ተላጭቶ፣ በእጃችሁ ስትዳብሱት በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ በሌላው ሻካራ ከሆነ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) ተዛብቷል ማለት ነው፣ የተበላ ቴስቲና ብዙ ጊዜ እንደዛ ያረገዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሽንሽኑን ቡት ስትከፍቱ ውስጡ በዘይት ከራሰ የራኩ ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ሄዷል፣ ቴስቲና መቀየር አያድነውም፣ ራኩ መውረድ አለበት። እሱን ግቢ ውስጥ አልመክርም። ኮሎኑ ከራኩ ተላቆ መሪው ዝም ብሎ ከዞረ ከኤርባጉ ጋር የተያያዘው ክሎክ ስፕሪንግ ይበጠሳል፣ የዘይት ቱቦዎቹም አሉ። ለዛ የምታምኑት ባለሙያ ፈልጉ።

እቃ ስትገዙ አሮጌውን ሳትይዙ አትሂዱ። ይሄ ምክር ለኔ ቢነገረኝ ኖሮ አንድ ሳምንት ባልከሰርኩ። የኔ ሴሊካ ሞተር ከዛ ዘመን ባለ 1.8 ኮሮላ ጋር አንድ ስለሆነ (ያ 1.8 ዋን ዜድዜድ የሚሉት) የሞተር እቃ እዚሁ ደሴም ኮምቦልቻም አይቸግርም፣ እኔም በዛ ሂሳብ ቴስቲናውም የትም አለ ብዬ ሄድኩ፣ የሰጡኝ ሲገባ ሾጣጣው (ናክሉ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው፣ እየቀጠነ የሚሄደው የቴስቲናው ጫፍ) ናክሉ ውስጥ ጠልቆ ገባና ዳዶው ታች ድረስ ጠብቆ እንኳ ይንቀሳቀሳል። ሾጣጣው ልክ አልነበረም። ስለዚ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ አራት ነገር አስተያዩ፦ የጥርሱን ውፍረት (ሎክ ዳዶው፣ ማለትም ቴስቲናውን ዘንጉ ላይ የሚቆልፈው ዳዶ፣ የሚገባበት ዘንግ አዲሱ ቴስቲና ውስጥም ልክ የሚገባ መሆኑን)፣ የሾጣጣውን ውፍረት ከላይም ከታችም፣ ርዝመቱን፣ እና እጥፋቱን፣ ምክንያቱም የግራና የቀኝ የሚለያይበት መኪና አለ። አዲሱን ኳስ በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱት ጠበቅ ማለት አለበት፣ ገና ከካርቶን ሲወጣ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ መልሱት። እዚህ ካጣችሁ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሰው ልካችሁ ፎቶ አስነስታችሁ በአውቶብስ ማስጫን ነው፣ እኔም መጨረሻ ላይ ያረኩት እሱን ነው። ስክራፕ (ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ እቃ) ግን ለመሪ አትግዙ። በር ይሁን መብራት ይሁን ስክራፕ ግዙ፣ ለመሪና ለፍሬን አይሆንም። ዋጋው የሚያሳስባችሁ ከሆነ ይገባኛል፣ በ2016 ዓ.ም የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ጠብቀን መያዝ ነው ያለብን፣ በዛ ላይ እቃው ውድ ነው፣ ግን በዚች ላይ አትቆጥቡ።

ኮፒሊያ ለየብቻው ግዙ። ከቴስቲናው ጋር ካልመጣ ሁለት ሶስት መጠን ግዙና መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፣ ከእቃው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

መሳሪያ በተመለከተ ብዙ አያስፈልግም፣ ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ስታንድ (የተነሳውን መኪና ደግፎ የሚያቆም እግር)፣ ባለ 21 የጎማ መፍቻ፣ 17 እና 19 እና 22 ቁልፍ (አንዱ ካልሆነ ሌላው ይሆናል)፣ ፒንሳ፣ ሁለት መዶሻ አንዱ ከባድ፣ የብረት ብሩሽ፣ ደብሊው ዲ 40፣ ሜትር፣ ነጭ ቀለም ወይ የጥፍር ቀለም። ፑለር (ቴስቲናውን ከናክሉ የሚያላቅቅ መሳሪያ) ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። ቶርክ ሬንች (ዳዶው ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ) ደግሞ ተዋሱ፣ መግዛት ባትችሉ ተዋሱ። ራክ ኢንድም የምትቀይሩ ከሆነ ትልቅ ቁልፍ ወይ ጅራቱቦ (የቧንቧ መፍቻ) ያስፈልጋል።

ቦታው። ደሴ ላይ ሜዳ የሆነ ግቢ ያለው ሰው ታድሏል፣ እኛ ሰፈር ግቢው ሁሉ ወደ ታች ነው። ለጥ ያለ፣ ጠንካራ መሬት ካላገኛችሁ አትጀምሩ፣ ዘመድ ግቢ ውሰዱት፣ ዝናብ የጠጣ አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ድንጋይ አስደግፉ።

አሁን ወደ ስራው። ከተቻለ ከአንድ ቀን በፊት የቴስቲናውን ሎክ ዳዶና ከናክሉ ጋር ያለውን ዳዶ በብረት ብሩሽ ጠርጉና ደብሊው ዲ ነፍታችሁበት ይደር፣ ጠዋትም ድገሙት። ይሄ ብቻ የግማሽ ቀን ጭቅጭቅ ያስቀርላችኋል።

1. መሪውን ቀጥ አርጉት። ጎማው መሬት ላይ እያለ የጎማ ዳዶዎቹን ግማሽ ዙር ብቻ አላሉ፣ ከዛ በክሪክ አንሱና ስታንዱን የመኪናው አካል ክሪክ የሚያዝበት ጠንካራ ቦታ ስር አስገቡ፣ ክሪኩን ቀስ ብላችሁ ዝቅ አርጋችሁ ስታንዱ ላይ አሳርፉት። መኪናውን በትከሻችሁ ገፋ ገፋ አርጉት፣ ሳይነቃነቅ ከቆመ ጎማውን ፍቱ። የፈታችሁትን ጎማ ከመኪናው ስር አስተኙት፣ ስታንዱ ቢከዳ ጎማው ይይዘዋል። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር ጭንቅላታችሁን አታስገቡ፣ እባካችሁ፣ ለአንድ ደቂቃም።

2. ልክ ውሰዱ። ጠቅላላ ስራው እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሎክ ዳዶው ያለበትን የዘንጉን ጥርስ ላይ በቀለም ነጥብ አርጉ፣ ከዛ ከሎክ ዳዶው ጠርዝ እስከ ቴስቲናው ኳስ መሃል ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉት፣ በቃል አትያዙት፣ ስልክ ላይ ፎቶም አንሱ። አዲሱ ቴስቲና ልክ አሮጌው ቦታ ካረፈ መኪናዋ አላይመንት ቦታ ድረስ በሰላም ትሄዳለች፣ ሁለት ዙር ከተሳሳታችሁ ግን ጎማዎቹ እርስ በርስ እየተጣሉ ነው የምትሄዱት።

3. ሎክ ዳዶውን አላሉ፣ ሩብ ዙር ብቻ፣ ከነጥቡ ብዙ እንዳይርቅ። ሲፈታ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር ቁልፍ የሚይዝበት ጠፍጣፋ ቦታ አለው፣ እሱን በሌላ ቁልፍ ያዙት። አብሮ ከዞረ ሽንሽኑ ቡት ይጠመዘዛል።

4. ኮፒሊያውን በፒንሳ አቅኑና ስባችሁ አውጡ። ዝጎ ከተሰበረ አትናደዱ፣ ቀሪውን በቀጭን ሚስማር ከኋላ ምቱት። ዳዶውን ፍቱት ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፣ ሶስት አራት ጥርስ ላይ ይቆይ፣ ቴስቲናው ሲላቀቅ እንዳይወረወር። ዳዶውን ስትፈቱ ኳሱ አብሮ የሚዞር ከሆነ ቴስቲናውን በክሪክ ወይ በሌላ ነገር በትንሹ ወደ ናክሉ ግፉት፣ ሾጣጣው ሲጠብቅ መዞሩን ያቆማል።

5. ማላቀቅ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፣ የቴስቲናውን ጥርስ በመዶሻ ይደበድባሉ፣ ጥርሱ ይጨፈለቃል፣ ናክሉም ይጎዳል። ጎረቤቴ መጀመሪያ ቀን እንደዛ ልጀምር ስል መዶሻውን ከእጄ ወሰዱት። «ልጄ፣ እሱን አይደለም የምትመታው፣ የያዘውን ነው የምትመታው» አሉኝ። ቴስቲናው የገባበት የናክሉ ጆሮ አለ፣ ክብ ሆኖ ሾጣጣውን ያቀፈው፣ እሱን ከጎኑ ነው የምትመቱት። አንዱን ከባድ መዶሻ በአንድ በኩል አስደግፋችሁ በሌላው መዶሻ ተቃራኒውን ጎን አጠንክራችሁ ምቱ፣ ለስለስ ያለ ሃያ ምት ከሚሆን ጠንካራ አምስት ምት ይሻላል። ብረቱ በምቱ ለቅፅበት ይተነፍሳል ሾጣጣው ይለቃል። እኔ ስድስት ሰባቴ መታሁ፣ ምንም የለም፣ ላቤ በአይኔ ገባ፣ «ጋሼ እምቢ አለ» አልኳቸው፣ «አብሽር፣ ድምፁ ተቀይሯል ስማው» አሉኝ። እውነትም ድምፁ ከጠጣር ወደ ትንሽ የተከፈተ ድምፅ ተቀይሯል፣ የሚቀጥለው ምት ላይ ጷ ብሎ ለቀቀ። ፑለር ካላችሁ ደግሞ አጥብቃችሁ ወጥሩትና ናክሉን አንዴ ከጎን ምቱት፣ ብዙ ጊዜ በአንዴ ነው የሚለቀው። ፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን አትምቱ፣ እዛው አጠገቡ ናቸው።

6. አሮጌውን እየቆጠራችሁ ፍቱ። ቴስቲናውን ከዘንጉ ስታዞሩ ሙሉ ዙር እየቆጠራችሁ፣ ጮክ ብላችሁ ብትቆጥሩ ይሻላል ሰው ሲያወራችሁ ይጠፋል። የኔ 17 ተኩል ነበር፣ የእናንተው የእናንተ ነው። ጻፉት።

ራክ ኢንዱ ደህና ከሆነ 7ኛውን ዝለሉት።

7. ራክ ኢንድ። ሎክ ዳዶውንም አውጡ፣ የቡቱን ትንሽ ማሰሪያ በፒንሳ ጨብጣችሁ አንሸራቱ፣ ትልቁን ማሰሪያ ቆርጡት (አዲስ ታስገባላችሁ)፣ ቡቱን ስባችሁ አውጡ። መሪውን ወደ አንድ በኩል አዙሩት ራኩ ወጣ እንዲል። ቶዮታ ላይ በራክ ኢንዱና በራኩ መሃል ጥርስ ያለው ሮንዴላ አለ፣ ጠርዙ ታጥፎ ራክ ኢንዱን እንዳይፈታ የያዘው፣ እሱን በመሮና በመዶሻ መጀመሪያ አቅኑት። ከዛ ራኩን ራሱን በአንድ ቁልፍ ጠፍጣፋው ላይ ያዙ፣ ራክ ኢንዱን በጅራቱቦ ፍቱ። ራኩን ሳትይዙ በጉልበት ከፈታችሁ ጉልበቱ በሙሉ ውስጥ ያለው ትንሽ ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሱ ከተጎዳ ራክ ልትገዙ ነው። የራኩን የሚያብረቀርቅ ዘንግ በጅራቱቦ አትንኩት፣ አንድ ጭረት ሲሉን ይበላዋል ዘይት ይጀምራል። የአሮጌውን ራክ ኢንድ የቀለም ነጥብ አዲሱም ላይ በዛው ቦታ አርጉ። አዲሱን ስታስገቡ አዲስ ሮንዴላ አስገቡና ካጠበቃችሁ በኋላ ጠርዙን መልሳችሁ እጠፉት፣ አሮጌውን ሮንዴላ ደግማችሁ አትጠቀሙ። ቡቱ ቀዳዳ ካለው እሱንም ቀይሩ፣ ስንጥቅ ያለበትን ቡት መልሶ ማስገባት አዲሱን ራክ ኢንድ በጭቃ መቅበር ነው።

8. አዲሱን ማስገባት። ሎክ ዳዶውን ወደ ቀለም ነጥቡ መልሱ፣ ቴስቲናውን የቆጠራችሁትን ዙር ያህል አስገቡ፣ ሜትሩን አውጥታችሁ ርቀቱ የጻፋችሁት መሆኑን አረጋግጡ። አዲሱ ቴስቲና ከአሮጌው ትንሽ ቢረዝም ወይ ቢያጥር ከዙሩ ይልቅ ርቀቱን እመኑ። በናክሉ ጆሮ ውስጥ ያለውን ሾጣጣ ቀዳዳ በጨርቅ በደንብ ጥረጉ፣ አሸዋም ዝገትም እንዳይኖር፣ ግሪስም አትቀቡት። እዚህ ጋ ብረት ለብረት ደረቅ ሆኖ ነው የሚያያዘው። ግሪስ የሚቀባው ከሎክ ዳዶው ወደ ውስጥ ያለው የዘንጉ ጥርስ ነው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳይዝግ።

ዳዶውን ስታጠብቁ የመኪናችሁን ማኑዋል ልክ ተከተሉ፣ አንዳንድ ትናንሽ ቶዮታዎች ላይ 49 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ልኩ ላይ ስትደርሱ የዳዶው ቁርጥና የቴስቲናው ቀዳዳ ካልተገጣጠሙ ወደፊት ትንሽ ጨምራችሁ አገናኙ፣ በፍፁም ወደኋላ አትመልሱ። ያላላችሁት ዕለት ሾጣጣው መላወስ ይጀምራል፣ የኔ ያኔ የሆነው ይሄ ይመስለኛል፣ አላልተው ሽቦ አስገቡበት። አዲሱን ኮፒሊያ አስገቡ፣ አንዱን እግር በጥርሱ ጫፍ ላይ ሌላውን በዳዶው ጎን እጠፉ፣ በጣታችሁ ስትነኩት መሽከርከር የለበትም። አንዳንድ አዲስ ቴስቲና ቀዳዳ ሳይኖረው ናይለን ካለው ዳዶ ጋር ይመጣል፣ እሱ ኮፒሊያ አይፈልግም ግን ያ ዳዶ አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ከተፈታ በአዲስ ይቀየራል።

9. ሎክ ዳዶውን ዘንጉን ይዛችሁ አጥብቁ፣ ቴስቲናው ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ እንዳይቀር ቀጥ መሆኑን እያያችሁ። ጎማውን መልሱ፣ ዳዶዎቹን በእጅ አስጀምሩ፣ አምስት ስለሆኑ አንድ እየዘለላችሁ በኮከብ አጥብቁ፣ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በቶርክ ሬንች 103 ኒውተን ሜትር፣ ይሄ የቶዮታ ልክ ነው።

ከዛ ወደ ሌላኛው ጎን። አንዱ ያለቀ መኪና ላይ ሌላውም ሩቅ አይደለም፣ በአንድ አላይመንት ክፍያ ሁለቱንም ማለቁ ይሻላል። ግን አንዱን ጨርሳችሁ ነው ሌላውን የምትፈቱት፣ ሁለቱንም በአንዴ ፈታችሁ ልክ ብታምታቱ መመለሻ የላችሁም።

አሁን አላይመንት። ማሽን ያለበት ቦታ መሄድ ግዴታ ነው፣ ይሄን በግቢ ሜትር አልተካውም። ግን እዛ እስክትደርሱ ጎማችሁ እንዳይበላ እንዲህ አርጉ። መኪናዋን ሁለት ሶስት ሜትር ወደፊት ግፏትና ጎማዎቹ ተላምደው ይቁሙ፣ መሪው ቀጥ ይሁን። የሁለቱም የፊት ጎማዎች መሃለኛ መስመር ላይ በጠመኔ ምልክት አርጉ፣ በጎማው መሃል ከፍታ፣ ከፊት በኩል ያለውን የሁለቱን ምልክት ርቀት ለኩ፣ ከዛ መኪናዋን ምልክቱ ወደ ኋላ በኩል በዛው ከፍታ እስኪመጣ ገፍታችሁ እንደገና ለኩ። የፊቱ ከኋላው እኩል ወይ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያነሰ ከሆነ በቂ ነው። ልዩነቱ ከዛ ከበለጠ ሎክ ዳዶዎቹን ከሁለቱም በኩል አላልታችሁ ሁለቱንም ዘንጎች እኩል አዙሩ፣ አንዱን ብቻ ካዞራችሁ መሪው ጠማማ ይቆማል። ሴሊካ ላይ ራኩ ከጎማው መሃል ወደ ኋላ ስለሆነ ዘንጉን ስታረዝሙት የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ይዘጋል፣ ስታሳጥሩት ይከፈታል። ሩብ ዙር በሩብ ዙር እየለካችሁ፣ ትንሿ ዙር ብዙ ትለውጣለች። ስታዞሩ የቡቱን ትንሽ ማሰሪያ ልቀቁት፣ ካልሆነ ቡቱ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዝና ይቀደዳል።

የመሪ ዘይቱንም በዚሁ እዩት፣ ሴሊካ ላይ የሚገባው የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት ዴክስሮን የሚሉት ነው፣ የፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩበት፣ የፍሬን ዘይት የመሪውን ሲሎች ያሳብጣቸዋል።

የመጀመሪያው ጉዞ ቁልቁለት ላይ አይሁን። እኔ መጀመሪያ ግቢ በር ላይ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ አዞርኩት፣ የሚያንቀው ወይ የሚይዘው ነገር አለ ወይ ብዬ፣ ከዛ ሰፈር ውስጥ በ20 ፍጥነት፣ ኮብልስቶን ላይ ድምፁን ሰማሁ፣ ፍሬን ያዝኩ መሪውን ለቀቅ አርጌ የምትጎትት ከሆነ ለማየት፣ መጨረሻ ላይ ነው ወደ ቦሩ ሜዳ በኩል ወጥቼ ጠበቅ አርጌ የነዳሁት። ጓጓታው የለም። መሪውን ጣቴ ሲነካው ጎማው ይሰማል፣ መዘግየት የሚባል ነገር ጠፍቷል፣ ወላሂ መኪናው የተቀየረ ነው የመሰለኝ።

ግቢ ተመልሳችሁ በዛው ቀን መብራት ይዛችሁ ኮፒሊያዎቹን አንዴ እዩ። 50 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹን በድጋሚ በቶርክ ሬንች አጥብቁ፣ ሎክ ዳዶዎቹ ላይ ያረጋችሁትን የቀለም ነጥብ እዩ፣ ዳዶው ከነጥቡ ከተንሸራተተ አልጠበቀም ማለት ነው። እኔ ሐይቅ ደርሼ ስመለስ ነው ያየሁት፣ ደርሶ መልሱ ለዚህ ልክ ነው፣ ሁለቱም ነጥቦች ቦታቸው ላይ ነበሩ። በማግስቱ እናቴን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ።